ራሱን በራሱ ካስተማረ ፕሮግራመር ኋላ ማን አለ? ስለ የቲሞቻችን የነገ ሙያ

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም



የቲምን መርዳት ሲባል ለአብዛኞቻችን ቀድሞ የሚታወሰን ምግብ፣ ልብስና ደብተር ነው። ይህ ተገቢ ነው፤ የተራበ ልጅ ትምህርት ሊገባው አይችልም። ይሁን እንጂ የቲሞችን የሚደግፍ ሁሉ ውሎ አድሮ የሚጋፈጠው አንድ ጥያቄ አለ። ልጁ 18 ዓመት ሞልቶት ስሙ ከተረጂዎች መዝገብ ሲወጣ ምን ይዞ ይወጣል? አባት ያለው ልጅ በዚያ ዕድሜ የአባቱ ሱቅ፣ የአባቱ እርሻ፣ ቢያንስ የአባቱ ወዳጆች ይጠብቁታል። የቲሙ ግን የወር ድጋፉ በቆመበት ዕለት በእጁ የሚቀረው የተማረው ነገር ብቻ ነው።

ከዚህ በመነሣት በዛሬው ጽሑፋችን አንድ ሙያ እንመለከታለን፤ ይኸውም የድረ ገጽ ሥራና የዳታ ሳይንስ ነው። ይህን ሙያ ብዙዎች ያለ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት፣ «ራሳቸውን በራሳቸው አስተምረው» እንደያዙት ይነገራል። አባባሉ ምን ያህል እውነት እንደሆነ፣ በአዊ ዞን በአዘና ከተማ ለሚያድግ አንድ የቲምስ ምን ትርጉም እንዳለው ደረጃ በደረጃ እናያለን፤ ኢንሻአላህ።

ሥራው ምንድን ነው?

ድረ ገጽ መሥራት ቤት እንደ መሥራት ነው። ኤችቲኤምኤል የሚባለው ቋንቋ ምሰሶውንና ግድግዳውን ያቆማል። ሲኤስኤስ የሚባለው ልስኑንና ቀለሙን ይሠራል። ጃቫስክሪፕት ደግሞ በሩ እንዲከፈት፣ መብራቱ እንዲበራ፣ ማለትም ገጹ ለሚነካው ሰው መልስ እንዲሰጥ ያደርጋል። ከእነዚህ ጀርባ መረጃ የሚቀመጥበት ጓዳ አለ፤ የመረጃ ቋት ይባላል። የመጀመሪያው ድረ ገጽ ለዓለም የታየው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ዛሬ ሆቴሉ፣ ክሊኒኩ፣ ትምህርት ቤቱና ነጋዴው ሁሉ ይህን ሙያ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል።

የዳታ ሳይንስ ስሙ ከበድ ይበል እንጂ ነገሩን በየቲሞች መዝገብ ብናየው ቀላል ነው። አንድ ማኅበር የ200 ልጆች መዝገብ አለው እንበል። በእያንዳንዱ መስመር የልጁ ስም፣ ዕድሜ፣ የክፍል ደረጃ፣ ከትምህርት የቀረባቸው ቀናትና የወር ድጋፉ የደረሰበት ቀን ተጽፏል። ማኅበሩ ማወቅ የሚሻው ልጆች በብዛት ከትምህርት የሚቀሩት መቼና ለምን እንደሆነ ነው።

ባለሙያው መጀመሪያ መዝገቡን ያጠራል። አንዱ ልጅ በአንድ ገጽ «ሙሐመድ»፣ በሌላው «ሙሀመድ»፣ በሦስተኛው «መሐመድ» ተብሎ ተጽፎ ከሆነ ኮምፒዩተሩ ሦስት ልጆች አድርጎ ይቆጥረዋል። አንዱ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ሌላው በአውሮፓውያን፣ ሦስተኛው በሂጅራ ተመዝግቦ ከሆነ ዕድሜው ሁሉ ይዛባል። ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች አብዛኛው ጊዜያቸው የሚያልፈው በዚህ ማጥራት ላይ እንደሆነ ይናገራሉ። ከዚያ ይቆጥራል፣ ያነጻጽራል። ልጆቹ የሚቀሩት በአዝመራ ወራት ነው? ወይስ ድጋፉ ዘግይቶ በደረሰባቸው ወራት? ሁለቱ ነገሮች በአንድ ወቅት ስለታዩ ብቻ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ብሎ እንዳይፈርድም ይጠነቀቃል። በመጨረሻ ውጤቱን ለማኅበሩ ኃላፊዎች በሚገባ ቋንቋ ያስረዳል። ዳታ ሳይንስ በመሠረቱ ይህ ነው፤ መዝገብን በታማኝነት ጠይቆ መልሱን በታማኝነት ማቅረብ።

ለእኛ እንግዳ ሙያ አይደለም

አንዳንድ ወላጆች ይህን ሙያ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነገር አድርገው ያዩታል። ነገር ግን ለኮምፒዩተር የሚሰጠው ተራ በተራ የተቀመጠ የአሠራር መመሪያ «አልጎሪዝም» ይባላል። ይህ ቃል የወጣው በዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ በበይቱል ሒክማ ይሠሩ ከነበሩት ከሙስሊሙ ሊቅ ከሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ ስም ነው። «አልጀብራ» የሚለውም ቃል የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ820 ገደማ ከጻፉት መጽሐፍ ርዕስ ነው።

ስለ የቲሞች ስንነጋገር በተለይ ልናስታውሰው የሚገባን ነገር አለ። የዚያ መጽሐፍ ሰፊ ክፍል የሚያብራራው የውርስና የኑዛዜ ክፍፍልን ነው። ሰው ሲሞት ለሚስቱ፣ ለወንድና ለሴት ልጆቹ የሚደርሰውን ድርሻ ሳያዛቡ ማስላት የታላቁ ሊቅ አንዱ ዓላማ ነበር። የቲሙ ሐቁን እንዳያጣ ማስላት ከዚህ ዕውቀት ሥር አጠገብ ይገኛል ማለት ነው።

«ራሱን በራሱ ያስተማረ» ማለት ምን ማለት ነው?

ወደ ዋናው ጉዳያችን እንምጣ። በአገራችን በዚህ ረገድ ስማቸው ከሚጠራ ወጣቶች አንዷ ቤተልሔም ደሴ ናት። በ1991 ዓ.ም. በሐረር የተወለደች ሲሆን ኮምፒዩተርን መነካካት የጀመረችው በዘጠኝ ዓመቷ እንደሆነ ለመገናኛ ብዙኃን ተናግራለች። ለልደት በዓሏ ገንዘብ ፈልጋ አባቷን ስትጠይቅ ገንዘብ አልነበራቸውም። እርሷም በአባቷ የኤሌክትሮኒክስ መሸጫ ሱቅ ለደንበኞች በስልካቸው ላይ ፕሮግራም እየጫነችና ቪዲዮ እያቀናበረች የምትፈልገውን ገንዘብ አገኘች። ከዚያ በኋላ ፕሮግራም መጻፍ ተማረች፣ ወደ አዲስ አበባ መጣች፣ በ2005 ዓ.ም. ከተመሠረተው አይኮግ ላብስ ጋር ሠራች፤ ሌሎች ልጆችን ኮድ የሚያስተምር መርሐ ግብርም መራች።

ታሪኩን ስንሰማ የልጅቷ ብልኅነት ያስደንቀናል፤ ያስደንቃልም። ግን ደግመን እናንብበው። አባቷ ገንዘብ ባይኖራቸውም ሱቅ ነበራቸው። በሱቁ ውስጥ ኮምፒዩተር ነበር፣ መብራት ነበር፣ ደንበኛ ነበር። ልጃቸው ስትነካካ «ተዪው፣ ታበላሺዋለሽ» ብለው አላባረሯትም። ራሷን ያስተማረችው እርሷ ናት፤ የምትማርበትን ስፍራ ያገኘችው ግን ከአባቷ ነው።

ከእርሷ በፊትም ሌላ ምሳሌ አለን። ዶክተር አበራ ሞላ በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ ሳሉ የግዕዝ ፊደል በኮምፒዩተር እንዲጻፍ ከደከሙት ቀደምት ኢትዮጵያውያን አንዱ ሆኑ። ፊደላችን በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደላት ሥርዓት በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ያልተማሩትን ሙያ ለመያዝ ግን እርሳቸውም መሣሪያ፣ ጊዜና የተደላደለ ኑሮ ያስፈልጋቸው ነበር።

ከሁሉም በላይ ለእኛ የሚቀርበው የኢማሙ ሻፊዒይ (ረሒመሁላህ) ታሪክ ነው። በ150 ዓመተ ሂጅራ በጋዛ ተወለዱ፤ አባታቸው የሞቱት ገና በሕፃንነታቸው ነው። እናታቸው ወደ መካ ይዘዋቸው ሄዱ። ለመምህሩ የሚከፍሉት አልነበራቸውም፤ መምህሩ ግን የልጁን ችሎታ አይቶ እርሱ በሌለበት ሌሎቹን ልጆች እንዲያስተምሩለት አደረገና ክፍያውን ተወው። ወረቀት መግዣ ስላልነበራቸው በአጥንት ላይ ይጽፉ እንደነበርም ይተረካል። የልጁ ጥረት እንዲያ ያለ ነበር። ቢሆንም ከጥረቱ ኋላ የተሰደደች እናት፣ ክፍያ የተወ መምህር፣ በኋላም በመዲና በራቸውን የከፈቱ ኢማሙ ማሊክ ነበሩ።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር ይህ ነው። ብቻውን የተማረ ሰው የለም። «ራሱን ያስተማረ» ከሚባለው እያንዳንዱ ሰው ኋላ መሣሪያ ያቀረበ፣ ጊዜ የሰጠ፣ ሲጠየቅ የመለሰና ሥራውን ያየለት ሰው አለ። የቲሙ የጎደለው አእምሮ አይደለም፤ የጎደለው ይህ ከኋላ የሚቆም ሰው ነው። ያንን ቦታ መሙላት ደግሞ የእኛ ድርሻ ነው።

የመንገዱ ደረጃዎች

ትምህርቱ ራሱ ዛሬ በብዛት በነፃ ይገኛል። ፍሪኮድካምፕ የተባለው የነፃ ትምህርት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 የተመሠረተ ነው። መሥራቹ ኩዊንሲ ላርሰን ቀድሞ መምህርና የትምህርት ቤት ኃላፊ የነበረ፣ ኮድ መጻፍን በጎልማሳነቱ ራሱን ያስተማረ ሰው ነው። በአገራችንም ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር «5 ሚሊዮን የኢትዮጵያ ኮደሮች» የተባለ መርሐ ግብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በሦስት ዓመት ዕቅድ ተጀምሯል። የድረ ገጽ ፕሮግራም፣ የአንድሮይድ መተግበሪያና የዳታ ሳይንስ መሠረታውያንን በነፃ ለማስተማርና የምስክር ወረቀት ለመስጠት የታሰበ ነው።

አንድ ጀማሪ በተግባር የሚያልፍባቸው ደረጃዎች የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ. በኮምፒዩተር መጻፍ፣ ፋይል ማስቀመጥና ማግኘት። በስልክ ብቻ ያደገ ልጅ ይህን አያውቅም፤ ጥቂት ሳምንታት ይፈልጋል።

2ኛ. ኤችቲኤምኤልና ሲኤስኤስ። ልጁ በአጭር ጊዜ የሚታይ ነገር ስለሚሠራ ልቡ ይነሣሣል።

3ኛ. ጃቫስክሪፕት። ብዙዎች ተስፋ የሚቆርጡት እዚህ ነው። አንድ ነጠላ ምልክት ቢጎድል ሥራው ሁሉ ይቆማል፤ ስሕተቱን ለማግኘት ቀኑን ሙሉ መፈለግ ይኖራል። የሚጠይቀው ሰው የሌለው ልጅ የሚያቋርጠው በዚህ ደረጃ ነው።

4ኛ. ለእውነተኛ ሰው እውነተኛ ሥራ መሥራት፤ ለምሳሌ ለመድረሳ፣ ለጎረቤት ሱቅ ወይም ለትምህርት ቤት።

5ኛ. ወደ ዳታ ሳይንስ መሻገር። ለዚህ ፓይተን የተባለው ቋንቋ፣ የሠንጠረዥ አያያዝና የስታትስቲክስ መሠረት ያስፈልጋሉ። ሒሳብ የሚጠላ ልጅ በድረ ገጹ ሥራ ቢጸና ይሻለዋል፤ ሁለቱም ክቡር ሥራ ናቸው።

ጊዜውን በተመለከተ ፍሪኮድካምፕ ለአንድ የምስክር ወረቀት 300 ሰዓት ያህል እንደሚያስፈልግ ሲገምት ቆይቷል። በሳምንት 10 ሰዓት የሚማር ልጅ ይህን የሚጨርሰው በ30 ሳምንት ማለትም በሰባት ወር ገደማ ነው። ለሥራ የሚያበቃ ችሎታ ለመያዝ ከዚህ በላይ፣ ብዙ ጊዜም ሁለት ዓመትና ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ ይጠይቃል። «በሦስት ወር ባለሙያ» የሚል ማስታወቂያ ያየ ሰው ይጠንቀቅ።

የአዘና ልጅ ምን ይገጥመዋል?

አሁን ይህን መንገድ በአዘና ለሚኖር የቲም እንመዝነው። መጀመሪያ የቋንቋ ጉዳይ አለ። በአዊ ብዙ ልጆች አፍ የፈቱት በአዊኛ ነው፤ በታችኛው ክፍልም በአዊኛ ይማራሉ። አማርኛን ይጨምራሉ፣ በከፍተኛው ክፍል እንግሊዝኛን ይገናኛሉ። የፕሮግራም ቋንቋዎች ትእዛዞች በእንግሊዝኛ ቃላት የተሠሩ ስለሆኑ ልጁ በሦስተኛ ቋንቋው ነው የሚያስበው ማለት ነው። ይህ ስንፍና ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። የሚያስፈልጉት መነሻ ቃላት በጣም ብዙ አይደሉም፤ በአዊኛና በአማርኛ ትርጉማቸው በአንድ ደብተር ቢጻፍለት ሸክሙ ይቀላል።

ሁለተኛው የኢንተርኔትና የመብራት ጉዳይ ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ስለዚህ ትምህርቱን በኢንተርኔት ላይ ብቻ ማንጠልጠል አይበጅም። ኤችቲኤምኤልም ሆነ ፓይተን በኮምፒዩተሩ ላይ ካሉ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። የትምህርት ጽሑፎችና ቪዲዮዎች ኢንተርኔት ባለበት ከተማ ወርደው በፍላሽ ሊላኩ ይችላሉ። ኪዊክስ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ዊኪፔዲያን የመሰሉ ታላላቅ የዕውቀት ምንጮች ያለ ግንኙነት ይነበባሉ። ከባሕር ዳር ወይም ከእንጅባራ አንድ ጊዜ ተሞልቶ የመጣ ፍላሽ ለወራት ያስተምራል።

ሦስተኛው የጊዜ ጉዳይ ነው። የቲሙ ልጅ ብዙ ጊዜ የቤቱ ሠራተኛ ነው፤ ውኃ ይቀዳል፣ ከብት ይጠብቃል፣ ገበያ ይወጣል። በሴት ልጅ ላይ ደግሞ የማዕድ ቤቱና የታናናሾቿ ሸክም ይጨመራል። ላፕቶፕ ብንሰጣት፣ የምትከፍትበት ሰዓት ከሌላት ስጦታው በሣጥን ውስጥ ያረጃል። ስለዚህ ድጋፉ ከእናት ወይም ከአሳዳጊ ጋር ከሚደረግ ስምምነት መጀመር አለበት። ለምሳሌ ከዐስር እስከ መግሪብ ያለው ጊዜ በሳምንት አራት ቀን የልጅቷ ነው ብሎ መስማማት ይቻላል። ያ ሰዓት ለቤቱ የሚያጎድለው ነገር ካለ ለቤቱ መካስ ከላፕቶፑ ዋጋ እኩል ሊታሰብ ይገባል።

ለጋሽ ምን መስጠት ይችላል?

ከላይ ካየነው በመነሣት የሚያስፈልጉት አራት ነገሮች ናቸው።

አንደኛ፣ መሣሪያ። አዲስና ውድ መሆን የለበትም። 8 ጊጋባይት የማስታወሻ አቅም ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ለሁለቱም ሙያዎች ማስጀመሪያ ይበቃል። መብራት በሚቆራረጥበት ስፍራ ባትሪው መሥራቱ ከሁሉ በፊት ይታይ።

ሁለተኛ፣ የተጠበቀ ሰዓትና ቦታ። መድረሳ፣ ቤተ መጻሕፍት ወይም ሥርዓት ያለው የጎረቤት ቤት ሊሆን ይችላል፤ አሳዳጊው የሚያውቀውና የሚያምንበት ይሁን።

ሦስተኛ፣ የሚጠየቅ ሰው። ገንዘብ የሌለው ወንድማችን እንኳ ሊሰጠው የሚችል ሰደቃ ይህ ነው። በዩኒቨርሲቲ በዚህ ዘርፍ የሚማር ወይም በውጭ አገር በሶፍትዌር ሥራ ላይ ያለ ሰው በሳምንት አንድ ሰዓት በስልክ ቢሰጥ፣ ልጁ በሦስተኛው ደረጃ ላይ ወድቆ እንዳይቀር ያደርገዋል።

አራተኛ፣ እውነተኛ ሥራ። ነጋዴው የዕቃ መዝገቡን፣ ትምህርት ቤቱ የተማሪ ዝርዝሩን ለልጁ ሰጥቶ ያሠራው፤ ተገቢውንም ይክፈለው። የመጀመሪያ ደመወዙ ምጽዋት ሳይሆን የላቡ ዋጋ መሆኑን ሲያይ የሚሰማው ክብር ሌላ ነው።

ስለ ገንዘቡ ዓይነት አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። ዘካ የሚገባው የተወሰኑ ወገኖችን ነው፤ የቲም ሁሉ ድኻ ስላልሆነ የቲም መሆን ብቻውን ዘካ አያስገባም። ብዙዎቹ ዑለማእም ዘካ ለተቀባዩ በባለቤትነት መተላለፍ እንዳለበት ይገልጻሉ። በመሆኑም በጋራ ለሚያገለግል የኮምፒዩተር ክፍል ከሰደቃ ወይም ከወቅፍ መስጠት ጥንቃቄ ነው። ዝርዝሩን የሚያምኗቸውን ዐሊም ይጠይቁ።

ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች

ይህ ሙያ መደበኛውን ትምህርት ማስተው የለበትም። ልጁ እንግሊዝኛውንና ሒሳቡን የሚያገኘው ከዚያው ስለሆነ፣ ያን ትቶ ይህን ቢይዝ ሁለቱንም ያጣል።

እንዲሁም የሥራ ተስፋን ማጋነን አይገባም። ቻትጂፒቲን የመሰሉ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያላቸው ፕሮግራሞች ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕዝብ ከቀረቡ ወዲህ ቀላል ኮድ በራሳቸው ይጽፋሉ። ከጀማሪ የሚጠበቀውም ከፍ ብሏል። ማሽኑ የጻፈውን አንብቦ ስሕተቱን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል፤ መሠረቱን ሳይማር ከማሽን የሚገለብጥ ልጅ ግን ምንም አይዝም። ስለዚህ ለልጁ «ሀብታም ትሆናለህ» ሳይሆን «በእጅህ የሚሆን ሙያ ትይዛለህ» እንበለው።

ሦስተኛው፣ አማና ነው። ልጁ ለልምምድ ሲል የየቲሞችን ስም፣ ፎቶግራፍና የቤት ሁኔታ በይፋ እንዳያወጣ ከመጀመሪያው ቀን ይማር። የሰው ገመና ያለበት መዝገብ በአደራ የተያዘ ነው። የቁማርንና የወለድን ሥራ ለሚያገለግል ገጽ መሥራትም ሐላል ሪዝቅ ለሚፈልግ ሙስሊም የሚገባ አይደለም።

በመጨረሻ፣ አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ኒሳእ አሳዳጊዎች የቲሞችን እንዲፈትኑ፣ ብስለት ሲያዩባቸውም ንብረታቸውን ምስክር አቁመው እንዲያስረክቧቸው አዟል። ሙፈሲሮች ፈተናው ልጁ በጥቂት ገንዘብ እንዲነግድ በማድረግ ሊሆን እንደሚችል ገልጸዋል። በዘመናችን ለልጁ ትንሽ እውነተኛ ሥራ ሰጥቶ አያያዙን ማየት ከዚህ መንፈስ የራቀ አይደለም። ላፕቶፑ ለልጁ በባለቤትነት ከተሰጠ ንብረቱ የእርሱ ነው፤ አሳዳጊው ሊሸጠው ወይም ለራሱ ልጅ ሊያውለው አይችልም። በርክክቡ ዕለት በጽሑፍና በምስክር ይደረግ።

ውድ ለጋሾች፣ ነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው የቲም ሆነው አድገዋል፤ የቲምን የሚያሳድግ ሰውም በጀነት ከእርሳቸው ጋር ምን ያህል ቅርብ እንደሚሆን ሁለት ጣቶቻቸውን አሳይተው አበሥረዋል። ማሳደግ ማለት ደግሞ እስከ 18 ዓመት ማብላት ብቻ አይደለም፤ በራሱ እግር እስኪቆም ከኋላው መቆም ጭምር ነው። ነገ በአዘና አንድ ወጣት የወረዳውን ነጋዴዎች መዝገብ ሲሠራና እናቱን ሲጦር ያየ ሰው «ራሱን በራሱ ያስተማረ ነው» ይል ይሆናል። ይበል። ከኋላው ማን እንደነበረ አላህ ያውቃል፤ ምንዳውም ከእርሱ ዘንድ አይጠፋም።

አላህ ሥራችንን ለእርሱ ብቻ ያድርግልን፤ የየቲሞቻችንን ልብ በጠቃሚ ዕውቀት ያብራልን። አሚን።